በርሜሉን ማን አዘፈነው?

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ለንደን ውስጥ ካርኒቫል አለ። ኖቲንግ ሂል የሚባለው ሰፈር ለሁለት ቀን በሰው ይጥለቀለቃል፣ መኪና የሚባል ነገር አይታይም። ከዚያ ብዙም ሳልርቅ ስለምኖር በየዓመቱ ቪዲዮ እየቀረጽኩ አገር ቤት እልካለሁ። የሚመጣልኝ መልስ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ላባ ስለለበሱት ሴቶች ሁለት ሦስት ቀልድ። ከዚያ ደግሞ "ቆይ ቆይ፣ ያ በርሜል ነው እንዴ የሚያዜመው?"

አዎ፣ በርሜል ነው። ያው የምናውቀው የነዳጅ በርሜል። ስቲልፓን ይባላል፣ ባለቤቶቹ ግን አሳጥረው ፓን ነው የሚሉት። አገሩ ትሪኒዳድ ነው። ቬኔዝዌላ አጠገብ ያለች ደሴት ናት፤ ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ልጆች፣ ከሕንድ በኮንትራት የመጡ ሰዎች ልጆች፣ ሌላም ሌላም ተቀላቅሎ የሚኖርባት።

ስለ ፓን የሚነገር አንድ አጭር ታሪክ አለ። እንግሊዞች የጥቁሮቹን ከበሮ ከለከሉ፣ ጥቁሮቹም እልህ ይዟቸው በርሜል አንስተው መቱ፣ አለቀ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ለማውራትም ይመቻል። ችግሩ፣ ከበሮው የተከለከለው በ1880ዎቹ ነው፤ ዜማ የሚያወጣ በርሜል የታየው ደግሞ በ1940ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። መሃል ላይ 60 ዓመት አለ። እልህ 60 ዓመት ይቆይ ይሆናል፣ ብቻውን ግን በርሜል አያዘፍንም። እኔ ነገሩን ባየሁት ቁጥር ይበልጥ ጎልቶ የሚታየኝ የሰፈር ልጆች ፉክክር ነው። የማን ድምፅ ይበልጣል፣ የማን ሰፈር አዲስ ኖታ አገኘ፣ ማን ማንን አሳፈረ።

ክልከላው አልነበረም ማለቴ አይደለም። ነበረ፣ ክፉም ነበር።

ትሪኒዳድ መጀመሪያ የስፔን ነበረች። በ1783 ስፔን ካቶሊክ ለሆነ ሰፋሪ መሬት እሰጣለሁ ስትል ፈረንሳዮች በባርነት የያዟቸውን ሰዎች እየነዱ ጎረፉ። በ1797 እንግሊዝ ደሴቷን ወሰደቻት። ስለዚህ ገዢው እንግሊዝ፣ ባለርስቱ ፈረንሳይ፣ ሠራተኛው አፍሪካዊ ሆነ። ካርኒቫሉን ያመጡት ፈረንሳዮቹ ናቸው። በአጭሩ የነሱ ቅበላ ነው፤ ጾማቸው ሊገባ ሲል ጭምብል አጥልቀው በየአዳራሹ ይጨፍሩ ነበር። በባርነት ያለው ሰው ግን የራሱ ሌሊት ነበረው። የአገዳ እርሻ በእሳት ሲያያዝ በጅራፍ እየተነዳ ይወጣል፣ ለሰው ንብረት ሌሊቱን ሲሯሯጥ ያድራል።

ባርነት በ1834 በሕግ ቀርቶ፣ በ1838 በእውን ሲያበቃ ሕዝቡ ያንን ሌሊት በዓል አደረገው። በካርኒቫሉ ሰኞ ገና ሳይነጋ ችቦ ለኩሶ፣ ከበሮ እየመታ፣ በዱላ እየተጋጠመ ይወጣል። ካንቡሌ ይሉታል። የተገረፍክበትን ሌሊት መልሰህ ስትጨፍርበት አስበው። ቲያትር በሉት፣ ጭፈራ በሉት፣ ጠብ በሉት፣ ሁሉም ነው። ገራፊውን የሚሆነውም ተገራፊውን የሚሆነውም ያው የሰፈር ሰው ነው።

በ1881 ካፒቴን ቤከር የሚባል የፖሊስ አዛዥ ፖርት ኦፍ ስፔን ውስጥ ይሄን ነገር ዛሬ አስቆመዋለሁ ብሎ ወጣ። ዱላ የያዙትም ተዘጋጅተው ጠበቁት። ተቀጣቀጡ። የመንገዱ ፋኖስ ሳይቀር ረገፈ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1884፣ ሕጉ መጣ። ካንቡሌ ቀረ፣ ከበሮ ቀረ፣ አሥርና ከዚያ በላይ ሆኖ ዱላ ይዞ መሰብሰብም ቀረ። በዚያው ዓመት የሕንዶቹ የሆሴይ በዓል ላይ ፖሊስ ተኩስ ከፍቶ ሰው ገድሏል። ቅኝ ገዢው የፈራው የሙዚቃውን ድምፅ ሳይሆን የተሰበሰበውን ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ሰው ወዲያው ወደ በርሜል አልሄደም። ወደ ቀርከሃ ነው የሄደው። ቀርከሃ ቆርጠው፣ አድርቀው፣ በየመጠኑ ለይተው ይዘው ይወጡ ጀመር። ታምቡ ባምቡ ይባል ነበር። ወፍራሙና ረጅሙ መሬት ላይ እየተደለቀ ባሱን ይሰጣል። አጫጭሮቹ ጫፍ ለጫፍ ይጋጫሉ። ቀጭኑ ትከሻ ላይ ተይዞ በእንጨት ይመታል፣ እሱ ነው ከላይ ሆኖ የሚቆራርጠው። ማለት ከበሮው ሲቀማባቸው ከበሮውን አልተኩም፣ የከበሮውን የሥራ ክፍፍል ነው ይዘው ወደ ቀርከሃ የተሻገሩት። ይሄ ክፍፍል ዛሬም ፓን ውስጥ እንዳለ ነው።

ግን ቀርከሃ ይሰነጠቃል። ቀኑን ሙሉ አስፋልት ላይ ሲደለቅ ውሎ ማታ ላይ ቅራፊ ነው የሚቀረው። ድምፁም ያን ያህል አይደለም፣ ከማዶ ሌላ ሰፈር ሲመጣ ትዋጣለህ። ስለዚህ በ1930ዎቹ ብረት ብቅ ማለት ጀመረ። የቆሻሻ መጣያ፣ የብስኩት ቆርቆሮ፣ የቀለም ቆርቆሮ፣ የመኪና ፍሬን ከበሮ። ወደ 1930ዎቹ መጨረሻ ከኒውታውን ሰፈር አሌክሳንደርስ ራግታይም ባንድ የሚባል ቡድን ቀርከሃውን እርግፍ አድርጎ ትቶ በብረት ብቻ ወጣ። ከዚያ በኋላ ማን ቀርከሃ ይዞ ይውጣ? የጎረቤት ሰፈር በብረት ሲያደነቁርህ አንተ እንጨት ይዘህ ልትቆም? እኔ ፉክክር የምለው ይሄንን ነው።

ዜማው የመጣው በጉድጓዱ ነው። ቆርቆሮ ሲመታ ይጎደጉዳል፣ የጎደጎደው ቦታ ደግሞ ድምፁ ይለወጣል። ዊንስተን "ስፕሪ" ሳይመን የሚባለው የጆን ጆን ሰፈር ልጅ የሚተርከው እንዲህ ነው። ቆርቆሮውን ለጓደኛው አውሶት ተጣሞ ይመለስለታል፣ ሊያቃናው ከውስጥ በኩል ሲመታው አንዱ ቦታ ከሌላው የተለየ ድምፅ ይሰጠዋል። አራት ኖታ ሆነ፣ ቀጠለ ጨመረ። በ1946 ካርኒቫል እንግሊዛዊው ገዢ ፊት የእንግሊዝን የንጉሥ መዝሙር በቆርቆሮ ተጫወተለት ይባላል። የተከለከለ ሕዝብ ልጅ የከልካዩን መዝሙር በቆሻሻ ቆርቆሮ መጫወቱ ፌዝ ይሁን አክብሮት እያንዳንዱ የራሱን ይፍረድ። እኔ ግን "ይሄንንም እችላለሁ" ነው የሚለው ብዬ ነው የምሰማው።

የስፕሪን ታሪክ ዉድብሩክ ሰፈር ሄዳችሁ ብታወሩት ይስቁባችኋል። እዚያ አባትየው ኤሊ ማኔት ነው። የኢንቬደርስ ባንድ ሰው፣ ማሽን ቤት የሠራ እጀ ብልህ። ሌሎቹ ቆርቆሮውን ወደ ውጭ ሲያነፉት እሱ ወደ ውስጥ እንደ ጎድጓዳ ሳህን አሰመጠው። ብዙ ኖታ የሚይዝ ሰፊ ቦታ የተገኘው በዚህ ነው። ደግሞም ወደ ትልቁ በርሜል ተሻገረ፣ 55 ጋሎን የሚይዘው፣ 200 ሊትር ገደማ ማለት ነው። በርሜል ትሪኒዳድ ውስጥ ሞልቷል፤ አገሩ ነዳጅ አለው፣ በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ አሜሪካኖች የባሕር ኃይል ሰፈር ሠርተው ነበር። የመምቻውን ጫፍ በጎማ የጠቀለለውም እሱ ነው ይላሉ። ባዶ እንጨት ብረት ሲመታ ጆሮ ይሰነጥቃል፣ ጎማው ነው ያለዘበው።

እዚህ ላይ ለክልከላ ወገን አንድ ነጥብ ልስጥ። ከ1942 እስከ 1945 በጦርነቱ ምክንያት ካርኒቫል ቆሞ ነበር። መንገድ ላይ መውጣት የለም። ልጆቹ ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠው ቆርቆሮ ሲቀጠቅጡ ከረሙ። በ1945 ጀርመን ተሸነፈ ሲባል ሕዝቡ ግር ብሎ ወጣ፣ ባንዶቹም ያዘጋጁትን ይዘው ወጡ። ሁሉም የሌላውን ሰፈር አዲስ ድምፅ የዚያን ቀን ሰማ። ቀኑ የድል ቀን ነበር፣ ለፓን ሰዎች ግን የፈተና ውጤት የተለጠፈበት ቀን ዓይነት ሳይሆን አይቀርም።

የባንዶቹን ስም ተመልከቱ። ኢንቬደርስ፣ ማለትም ወራሪዎች። ደስፐራዶስ። ሬኔጌድስ። ካዛብላንካ። ቶክዮ። ሁሉም ከሲኒማ ቤት የተወሰደ ነው፤ የካውቦይና የጦርነት ፊልም ያየ ጎረምሳ ያወጣው ስም። ጠቡም የእውነት ነበር። በ1950 ካርኒቫል ኢንቬደርስና ቶክዮ መንገድ ላይ ተገናኝተው የተቀጣቀጡት ጠብ በኋላ ካሊፕሶ ተገጥሞለታል። ካሊፕሶ ማለት በሰሞኑ ወሬ ላይ ግጥም እየገጠሙ የሚዘፍኑት ዘፈን ነው፣ ተራቢ ነው፣ ማንንም አይምርም። ያኔ ፓን መቺ ማለት ዱርዬ ማለት ነበር። ደህና ቤተሰብ ልጁን ፓን ግቢ አካባቢ ካየው አለቀለት። ሴት ከሆነች ደግሞ ጭራሽ። ግን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ገርል ፓት የሚባል የሴቶች ብቻ ባንድ ተቋቋመ። ስለ እነሱ ሰው ብዙ አያወራም፣ ሊያወራ ይገባ ነበር።

ለኔ ትልቁ ዓመት 1951 ነው። እንግሊዝ ለንደን ውስጥ ትልቅ ፌስቲቫል አዘጋጀች፤ ትሪኒዳድም ከየሰፈሩ ምርጥ ምርጡን ለቅማ አንድ ባንድ አቋቁማ ላከች። ታስፖ ይባላል። ስፕሪ አለ፣ ማኔት አለ፣ አንቶኒ ዊሊያምስ አለ፣ ስተርሊንግ ቤታንኮርት አለ። ትናንት ምስጢሩን ከሌላው ሲደብቅ የነበረ ሁሉ ዛሬ አንድ ክፍል ውስጥ ቁጭ አለ። መሪያቸው ጆሴፍ ግሪፊዝ የሚባል የባርቤዶስ ሰው፣ ከፖሊስ ባንድ የመጣ፣ ኖታ የሚያውቅ ነው። ግማሽ ድምፆቹ ሁሉ ይኑሩ አላቸው፣ እንደ ፒያኖ። ባሱ በአንድ በርሜል አይበቃም ሲሉት እንግዲያው በርሜል ጨምሩ አለ። እስከዚያ ድረስ አንድ ሰው አንድ በርሜል ነበር፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ሦስት፣ ዛሬ ደግሞ ስድስትና ዘጠኝ በርሜል ዙሪያውን አቁሞ መሃል ላይ ቆሞ ይመታል። ፉክክሩ ዕውቀቱን በየሰፈሩ አከማቸ፣ ታስፖ ደግሞ አንድ ላይ አፈሰሰው። ፉክክሩ ባይኖር ኖሮ ግን ግሪፊዝ የሚያፈስሰው ነገር አያገኝም ነበር።

ቤታንኮርት አልተመለሰም፣ ለንደን ቀረ። ይሄ በኋላ ጉዳይ አለው።

በ1958 ኖቲንግ ሂል ውስጥ ነጭ ጎረምሶች ከካሪቢያን የመጡትን ሰዎች ማሳደድ ጀመሩ፣ ረብሻው ቀናት ቆየ። ክላውዲያ ጆንስ የምትባል በፖርት ኦፍ ስፔን የተወለደች ጋዜጠኛ ነበረች፤ ኮሚኒስት ነሽ ብላ አሜሪካ አስራ ያባረረቻት። ጥር 1959 ላይ ሴንት ፓንክራስ ታውን ሆል አዳራሽ ውስጥ ካርኒቫል አዘጋጀች። በጥር ወር፣ በዚያ ብርድ፣ ቤት ውስጥ! ቢቢሲም በቴሌቪዥን አሳየው። ክላውዲያ በ1964 ሞተች፣ መቃብሯ ሃይጌት ከካርል ማርክስ መቃብር ጎን ነው። በ1966 ደግሞ ሮን ላስሌት የምትባል የሰፈሩ ሴት የልጆች የመንገድ በዓል ስታዘጋጅ ራስል ሄንደርሰንና ቤታንኮርት ከነጓደኛቸው ፓን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መጡ። ቆመው ሲጫወቱ ቆዩና ለምን አንሄድም ተባባሉ። መንገዱን ይዘው ሄዱ፣ ሰዉም ተከተላቸው። የዛሬው ኖቲንግ ሂል ካርኒቫል ከዚህ ነው የመጣው። ሁለቱም ሴቶች እናቱ ናቸው ብል ማንም አይጣላኝም፤ "አንዷን ምረጥ" ከተባልኩ ግን እሸሻለሁ።

አሁን ወደ አንድ የለንደን ፓን ግቢ ላስገባችሁ። ግቢ ሲባል ግቢ አይደለም፣ ከአንድ አሮጌ ሕንፃ ጀርባ ያለ ጥበት ነው። ከሐምሌ ጀምሮ በየማታው ልምምድ አለ። መጀመሪያ የሚመታህ የብረት፣ የላስቲክና የላብ ሽታ ነው። ከሥራ የመጡ ነርሶች፣ አውቶቡስ ነጂዎች፣ ዩኒፎርማቸውን ያልቀየሩ ተማሪዎች ሁሉም በርሜሉ ፊት ይቆማል። የኖታ ወረቀት አይታይም። ሙዚቃውን ያቀናበረው ሰው ሁለት መስመር በአፉ ያዜማል፣ የየክፍሉ መሪ በፓኑ ይደግመዋል፣ ከዚያ ሁሉም ይደግመዋል፣ ይሳሳታል፣ "ከላይ!" ይባላል፣ እንደገና። ያቺው ሁለት መስመር ሰዓቱን ትበላለች። የስምንት ደቂቃ ሙዚቃ በዚህ ዓይነት በቃል ይያዛል።

ጥግ ላይ ሞተር ክፍል የሚሉት አለ። ድራም፣ ኮንጋ፣ የሚንሿሿ ነገር፣ እና ብረት። ብረቱ ከመኪና የወጣ የፍሬን ከበሮ ነው፣ እንዳለ፣ በሁለት የብረት ዘንግ ይመታል። ሌላው ሁሉ ነገር ተቃኝቶ፣ ኒኬል ተቀብቶ፣ አምሮ እሱ ብቻ አልተለወጠም። አጠገቡ ከቆምክ እስከ ማግስቱ ጆሮህ ውስጥ ይጮሃል። ግን እሱን አውጣውና መቶው ሰው ተበታትኖ ታገኘዋለህ።

ቃኚው ሽማግሌ ናቸው። ለካርኒቫል ሰሞን ከትሪኒዳድ ነው የሚመጡት። ሥራቸውን እንዳይ ፈቀዱልኝ። በርሜሉ ተገልብጦ ታቹ በመዶሻ ይሰምጣል፣ ቀስ እየተባለ፣ እየዞረ፣ አንድ ጊዜ ከተቀደደ ይጣላል። ከዚያ የኖታዎቹ ቦታ በጠመኔ ይሰመራል፣ መስመሩ በነጥብ መምቻ ይበሳሳል፤ ሳይቀደድ፣ ለምልክት ያህል። ጎኑ ይቆረጣል። ቀጭን ድምፅ ለሚሰጠው አጭር፣ ለባሱ በርሜሉ እንዳለ። ከዚያ እሳት ላይ ይጠበሳል፣ ብረቱ እንዲጠነክር። ይሄ ሁሉ ዝግጅት ነው። ሥራው ከዚህ በኋላ ነው፣ ትንሿ መዶሻ ስትመጣ።

ኖታዎቹ ከግራ ወደ ቀኝ በተራ አይደረደሩም። ጎረቤት የሆኑት እርስ በርስ የሚስማሙት ናቸው፣ አንዱ ሲመታ ሌላው ዝም ብሎ እንዳይቀመጥ፣ ቢንቀጠቀጥም እንዳያበላሽ። ይሄን እንደ ሸረሪት ድር የሚዞር አቀማመጥ ያወጣው ያ አንቶኒ ዊሊያምስ ነው። ሽማግሌው አንዷን ኖታ ከታች በኩል ነካ አደረጓትና ሰሙ። ከላይ ነካ አደረጓትና ሰሙ። ከዚያ የጎረቤቷን ሰሙ፣ ተዛብታለች። ወደ እሷ ሄዱ። ሲመለሱ የመጀመሪያዋ ትንሽ ወርዳለች። መቃኛ ማሽን አጠገባቸው አለ፣ አልፎ አልፎ ያዩታል፣ ግን አያምኑትም። "ማሽኑ ልክ ነው ይላል፣ እኔ ደግሞ ገና አልዘፈነችም እላለሁ" አሉኝ። እዚያ ቆሜ የመጣብኝ ምናለሽ ተራ ነው። ያ ሁሉ በርሜል ምድጃና ምጣድ እስኪሆን የሚቀጠቀጥበት፣ ጩኸቱ ከሩቅ የሚሰማው መርካቶ። እዚያም ቢሆን ጌታው ብረቱን በጆሮው ነው የሚያውቀው።

ኢትዮጵያዊ መሆኔን ስነግራቸው መዶሻዋን አስቀመጡ። "ንጉሥህን አይቻቸዋለሁ፣ ልጄ" አሉ። በ1966 ሚያዝያ ላይ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ጃማይካ ከመሄዳቸው በፊት ትሪኒዳድ ነበሩ። የጃማይካው አቀባበል ዓለም ስላወቀው የትሪኒዳዱ ተረሳ። ሽማግሌው ያኔ ልጅ ነበሩ፣ አባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው ነው ያዩት። የሚያስታውሱት የሚኒሊክን ወይም የአድዋን ወሬ አይደለም። "ትንሽ ሰውዬ፣ ቀጥ ያለ" ነው ያሉት።

ከዚያ ዘፈን ጀመሩ። በ1936 ግራውሊንግ ታይገር የሚባለው የካሊፕሶ ዘፋኝ ስለ ጣሊያን ወረራ የዘፈነው፣ ሙሶሊኒ ከንጉሡ የሚፈልገው የአፍሪካን ወርቅ ነው እያለ የሚወርፈው። ያኔ የትሪኒዳድ የወደብ ሠራተኞች የጣሊያን መርከብ አናራግፍም ብለው ነበር። የማያውቁት አገር ነው፣ ግን የነሱም ጉዳይ ነበር። በዚያው ሰሞን ሥራ የሚፈታው፣ የሚራበው ሕዝብ ነው ይሄን የሚለው። አሁን ደግሞ ከትሪኒዳድ ወደኛ የመጣ አንድ ሰው አለ፣ ሳልጠቅሰው ባልፍ ይቆጨኛል። ሁበርት ጁልያን፣ "ጥቁሩ ንስር"፣ የፖርት ኦፍ ስፔን ልጅ። በ1930 አዲስ አበባ መጥቶ፣ ዘውድ ሊጫን ሲል የንጉሡን አውሮፕላን ከስክሶ ተባረረ። በጣሊያን ጊዜ ተመልሶ መጣ። ሽማግሌው ስሙን ስጠራው ሳቁና፣ "እሱን ተዉት፣ እሱ የኛ ወሬ ነው" አሉ።

አሁን ስለ ውድድሩ። ፓኖራማ ይባላል። ትሪኒዳድ ውስጥ በ1963 ነው የተጀመረው፤ የመጀመሪያው አሸናፊ በአንቶኒ ዊሊያምስ የሚመራው ኖርዝ ስታርስ ነበር። የትልልቆቹ ባንዶች ፍጻሜ በካርኒቫሉ ቅዳሜ ማታ ኩዊንስ ፓርክ ሳቫና ላይ ነው። አንድ ትልቅ ባንድ እስከ 120 ሰው ይዞ ይወጣል። በርሜሎቹ ጎማ ባለው ማቆሚያ ላይ ተሰቅለው፣ ሰፈሩ ሙሉ እየገፋቸው። ስምንት ደቂቃ አላቸው። ያ ሁሉ ወር ለስምንት ደቂቃ ነው።

ሰው ፓኖራማን ሲያማ እሰማለሁ፣ ገባኝም። ዳኛ ለማስደነቅ ሲሉ ሙዚቃው ይጣደፋል፣ ሁሉም ባንድ አንድ ዓይነት ዘዴ ይጠቀማል፣ ገንዘቡም የማያልቅ ጭቅጭቅ አለው። ቀስ ብሎ የሚያንጎራጉር ፓን መስማት ለሚፈልግ ሰው ፓኖራማ ቦታው አይደለም። ግን ፉክክሩን ካወጣችሁት ምን ይቀራል? ዱላው ወደ ቀርከሃ፣ ቀርከሃው ወደ ብረት፣ የመንገድ ጠቡ ደግሞ ወደ መድረክ ነው የዞረው። ጂት ሳማሩን እዩት። የሕንድ ዘር ነው፣ ከገጠር ቤተሰብ፣ እና የከተማው ሬኔጌድስ ባንድ በሱ ቅንብር ዘጠኝ ጊዜ ፓኖራማን አሸንፏል። ዘርና ሰፈር በሚከፋፍለው አገር ውስጥ እሱን ማንም በስብከት አላስገባውም። አሸነፈ፣ አለቀ።

መንግሥት ሁሌ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። በ1992 በነጻነት ቀን ፓን የትሪኒዳድና ቶቤጎ ብሔራዊ የሙዚቃ መሣሪያ ተባለ። በ2023 የተባበሩት መንግሥታት ኦገስት 11ን የዓለም የስቲልፓን ቀን አለው። ከዚያ በፊት በ2001 ሁለት አሜሪካውያን ፓን በፋብሪካ የሚሠራበትን ዘዴ አገራቸው ውስጥ በስማቸው አስመዝግበው ትሪኒዳድ ቱግ ብላ ነበር። የአገሪቱ አርማ ላይ ደግሞ የኮሎምበስ ሦስት መርከቦች ነበሩ። በ2024 ይወጣሉ ተባለ፣ በ2025 መጀመሪያ ፓርላማው አጸደቀ፣ በቦታቸው ፓን ገባ። ዱርዬ ይባሉ የነበሩት ልጆች ዕቃ። አንዳንዱ ትሪኒዳዳዊ ለዚህ ሁሉ ወጪ ከማውጣት ለፓን ግቢዎቹ ጣሪያ አትሠሩም ወይ ብሎ አጉረመረመ። እኔም ከነሱ ጋር ነኝ፣ አርማውም ግን ደስ ብሎኛል።

ለንደን ለምትመጡ አንድ ምክር። ካርኒቫሉ እሑድና ሰኞ ነው፣ ሁሉም ሰው የሚመጣው ያኔ ነው፣ ፓን ግን ያኔ በደንብ አይሰማም። በየማዕዘኑ የተገተረው ስፒከር ይውጠዋል። ቅዳሜ ማታ ኑ። የእንግሊዙ ፓኖራማ ኤምስሊ ሆርኒማን ፓርክ ውስጥ የሚደረገው ያኔ ነው። ቁሙና ስሙ፣ ከሞተር ክፍሉ ግን ትንሽ ራቅ በሉ። ባንዶቹ ወደ መድረክ ከመውጣታቸው በፊት ዳር ላይ የሚያሟሙቁበት ሰዓት ከመድረኩ ይበልጣል፣ እጃቸው ገና አልተጨነቀም። አጠገባችሁ የቆሙ ሽማግሌዎች ካሉ ደግሞ ፓንን ማን እንደፈጠረው ጠይቋቸው። ግን ሌላ ቀጠሮ አትያዙ።